በኖራ የነጣው ተራራ

ሳቱርኒና አልፓካዎቿን እየነዳች ወደ ላይኛው ጨፌ በወጣች ቁጥር ዓይኗ ሳታዘው ወደ ተራራው ይሄድና ነጩ የት ላይ እንደሚያበቃ ይለካል። የኢቹፓታ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ሌላ አገር ሰው ጠዋት ሲነሳ ሰማዩን ያያል፤ እዚህ ግን የሚታየው ሱማቅራሱ ነው። ሱማቅራሱ ከነጣ ዘንድሮም ውሃ አለ፣ ጨፌው አለ፣ አልፓካው ጠጉር ያበቅላል። ከጠቆረ ደግሞ ጓዝ መሸከፍ ነው። ያን ዕለት፣ በጋው ሊጋመስ ሲል፣ ነጩ ከቦታው ወርዶ አገኘችው።

ወረደ ሲባል በረዶ ጣለ ማለት አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ከሰማይ ጠብ ያለ ነገር የለም። የወረደው ኖራው ነው።

የኖራው ነገር እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መሐንዲስ ከዋናው ከተማ መጣና፣ ጥቁር አለት ፀሐይ ይጠጣል፣ የጠጣውን ሙቀት መልሶ በረዶው ላይ ይተፋል፣ ስለዚህ በበረዶው ግግር ዙሪያ ያለውን አለት ነጭ ብንቀባው ፀሐይዋን ወደ መጣችበት ይመልሳታል አለ። ቀለሙ ኖራ፣ ውሃና የእንቁላል ነጭ ነው። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። «ተራራውን ልንድረው ነው እንዴ የምናሽሞነሙነው?» ያለም ነበር። ኋላ የቀን ሥራው እንደሚከፈልበት ሲነገር ሳቁ ቀዘቀዘና ሁሉም ጆጉን ይዞ ወጣ። ሁለት በጋ ሙሉ ሠላሳ ሰው አለት ላይ ኖራ ሲደፋ ዋለ። አይዋሽም፣ ሠርቷል። የተቀባው ድንጋይ በቀትር ሲነካ እንደ ውሻ አፍንጫ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ጠዋትም ላዩ ላይ ስስ አመዳይ ይይዛል። መሐንዲሱ ፎቶ አነሳ፣ ተሸለመ፣ ከዚያ ገንዘቡ አለቀና ሄደ። ቀለሙ በየክረምቱ በዝናብ እየታጠበ ይሳሳል፤ በየበጋው ካልተደገመ ውሃ ወቀጣ ነው። ተራራውም እንዲህ በቀላሉ የሚሸፈን አይደለም። ሠላሳ ሰው ሁለት በጋ የለፋበት ከሩቅ ሲታይ የአንዲት መሐረብ ስፋት አይሞላም። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ አንድ በአንድ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወረደ። አሁን ኢቹፓታ ውስጥ ጭስ የሚወጣው ከሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሳቱርኒና ከአባቷ ጋር ከምትኖርበት ቤትና ከጎረቤታቸው ከዶኛ ኤፒፋኒያ ቤት።

ታዲያ ማን ነው የቀባው?

በመሐንዲሱ ጊዜ የመጨረሻው ነጭ ድንጋይ መንገደኞች ከከመሩት አሮጌ የድንጋይ ክምር በላይ ነበር። አሁን ከክምሩ በታች ሰባት ስምንት ድንጋዮች ነጥተዋል። ሳቱርኒና ጠጋ ብላ አንዱን በጣቷ ነካችው፤ ርጥብ ነው። ጣቷን አሸተተችው፤ እንቁላል እንቁላል ይላል። ዘወር ብላ አየች፤ ማንም የለም። አልፓካዎቹ ግን መጋጥ ትተው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ አርባውም ወደ በረዶው ያዩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ዶኛ ኤፒፋኒያ በረቱ አጥር ላይ ተደግፋ ጠበቀቻት። ኤፒፋኒያ ባሏን የቀበረች፣ ሦስት ልጆቿን ወደ ከተማ የሸኘች፣ ከአሥራ አንድ ዶሮና ከአንድ ምላስ በቀር ሀብት የሌላት ሴት ናት።

«አንቺ ሳቱርኒና፣ አባትሽን እንቁላል ምን አስወደዳቸው?»

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሽኛል። ዶሮዎቼ ከሰኞ ወዲህ ባዶ ጎጆ ታቅፈው ነው የሚውሉት። ቀበሮ ነው ብዬ ነበር። ቀበሮ ግን አስኳሉን በሣህን አስቀምጦ አይሄድም።»

«አስኳሉን?»

«አስኳሉን! ዘጠኝ አስኳል፣ ደጃፌ ላይ ተደርድሮ እያፈጠጠብኝ። ነጩን ወስዶ አስኳሉን መለሰልኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ሳቱርኒና ሳቀች። አባቷ ዶን ሜሊቶን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

«ሌላም ነበረኝ» አለች ኤፒፋኒያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ማልደሽ ውጪና ቀበሮዎቹን እያቸው። እኔ ከነገርኩሽ አሮጊቷ ቃዠች ትያለሽ።»

ሳቱርኒና ከዚህ አገር ለመውጣት ከቆረጠች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጇ ዮቫና ኢካ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ለእናቷና ለአያቷ አንድ ክፍል ለይታ፣ አልጋ ገዝታ ትጠብቃለች። ባለፈው ክረምት ዶን ሜሊቶን ሳንባቸውን ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት፤ ሐኪሙም ሌላ ክረምት እዚህ ከፍታ ላይ ካሳለፉ እንደማይተርፉ ቁርጡን ነግሯታል። እንግዲህ ዝናቡ ሳይጠና ይዛቸው መውረድ አለባት። ሌላ ጭንቅ የላትም። ሽማግሌው ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ «ተራራው ነጭ እስካለ አልነቃነቅም። የጠቆረ ዕለት መጥተሽ እጄን ያዢኝ።» እሷም ጠበቀች። እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ተራራው እንዲጠቁር በልቧ የምትጸልይ የኢቹፓታ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ወጣች። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከክምሩ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ አምስት ቀበሮዎች አገኘች። ቀበሮ ለብቻው የሚዞር አውሬ ነው፤ አምስት ባንድ ላይ አይታ አታውቅም። እያንዳንዱ አንድ አንድ ነጭ ድንጋይ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይልሳል። ከምላሳቸው ሻካራ ድምፅ በቀር አንድም ነገር አይሰማም። ወንጭፏን ፈትታ ጠጠር ሰደደችባቸው። ቀና አሉ። አፋቸው እስከ ዓይናቸው ሥር ነጭ ነበር። አልሸሹም። ትንሽ አዩዋትና ወደ መላሳቸው ተመለሱ።

ሳቱርኒና ጀርባዋን ሳትሰጣቸው በጎን በጎን እያለች ራቀች። ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ሆና ስታይ ነው ነገሩ የገባት። ነጮቹ ድንጋዮች እንደ መሐንዲሱ ጊዜ አንድ ቦታ አልተሰበሰቡም። መስመር ይዘዋል። አንዱ ከአንዱ አሥር አሥር እርምጃ እየራቀ፣ ከበረዶው ጠርዝ ተነስቶ፣ ክምሩን አልፎ፣ ወደ መኪናው መንገድ መታጠፊያ ይወርዳል። ጭጋግ ሲሆን መንገደኛ እንዳይጠፋ ሰው የሚያኖረው ምልክት ነው።

መታጠፊያው ላይ አንድ የብረት መስቀል አለ። መስቀሉ የወንድሟ የኤልዮዶሮ ነው።

ኤልዮዶሮ ከስምንት ዓመት በፊት አልፓካ ይሸጥ አይሸጥ በሚል ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ ሰክሮ መጣና በጠፍር ገረፋቸው። የወለዱትን አባቱን፣ መንደሩ እያየ። በአምስተኛው ቀን የተሳፈረባት የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ ተገለበጠች። እዚህ አገር አባቱን የመታ ሰው ሳይታረቅ ሲሞት ምን እንደሚሆን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ይኮነናል፤ አፈር አይቀበለውም። ባዶ እግሩን በረዶው ላይ ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይወጣል፤ ኃጢአቱ በብርዱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ድረስ። ጫፉ ላይ ከደረሰ ነጻ ነው። ካልደረሰ ደግሞ ባይወራ ይሻላል።

ቤት ስትገባ ዶን ሜሊቶን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የኮካ ቅጠል ያኝኩ ነበር። ዓይናቸው ደም ለብሷል።

«ታይታ፣ እጅዎን ያሳዩኝ» አለቻቸው፤ ታይታ በአገራቸው አባባ ማለት ነው።

«እጅ ነው። ምኑን ታይዋለሽ?»

ያዘችው። የጣቶቻቸው ቆዳ በኖራ ተልጦ፣ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ምኑን?»

«ታይታ!»

«ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሥራ አራት ጆንያ ኖራ ትተው ሄደዋል» አሉ ሽማግሌው። «ዝም ብሎ ይበላሽ?»

«ለኤልዮዶሮ ነው፣ አይደለም?»

ቅጠሉን ከግራ ጉንጫቸው ወደ ቀኝ አዛወሩት። «አልጨረሰም። ስምንት ዓመት ምን አላት? እሱ ደግሞ በሕይወቱም ሰነፍ ነበር። በረዶው በየዓመቱ ይሸሸዋል፤ ደረስኩ ሲል ጠርዙ ወደ ላይ ይሄድበታል። በረዶው አልቆ ድንጋይ ብቻ ሲቀር ምን ላይ ይወጣል? ድንጋይ ኃጢአት አያጥብም።»

«ይሄ እኮ ኖራ ነው! ኖራና የኤፒፋኒያ እንቁላል። ማንን ሊያታልሉ ነው?»

«መሐንዲሱ ፀሐይን አታሎ ሲሸለም አጨበጨባችሁለት። እኔ ጋ ሲደርስ ነው ነውር የሚሆነው?»

«ዓይንዎን ያጠፋዋል።»

«ዓይኔ ማየት የነበረበትን አይቷል። ጊዜ ነው የምለምንለት ልጄ፣ ትንሽ ጊዜ። እሱ እስኪደርስ ብቻ ይቆይለት።»

ሳቱርኒና ብዙ ተቆጣች፣ ብዙ አለቀሰች፤ ሽማግሌው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በመጨረሻ ተደራደሩ። እሷ ውሃ ልትቀዳላቸውና ኖራውን በጭነት እንስሳዋ በላማ ልትጭንላቸው፣ እሳቸውም የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ አጥቦ ተራራውን ካጠቆረው ያለ አንድ ቃል ወደ ኢካ ሊወርዱ ተስማሙ። ዝናብ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። ሳቱርኒና በልቧ ተደሰተች። ሽማግሌውም በልባቸው ዝናቡ ሳይመጣ ልጄ ይደርሳል ብለው ተደሰቱ። ለኤፒፋኒያ አንድ የአልፓካ ጠቦት ሰጧትና ስለ እንቁላሉ አፏን ያዘች፤ እሱም ለሁለት ቀን።

እንዲህ ሆነው በጋውን ገፉት። ሽማግሌው ይቀባሉ፣ ልጅ ውሃ ታመላልሳለች። ኖራውን ግን አልነካችም፤ አልነካም ብላ ለራሷ ምላ ነበር። አልፓካዎቹ የነጩን ድንጋይ መስመር መሻገር እምቢ ብለው በዙሪያው ስትነዳቸው የግማሽ ቀን መንገድ ተጨመረባት። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ሣር በቀትር እንኳ አመዳዩ አይለቀውም፤ ሥሩ ድረስ ደርቆ ሲረገጥ ይሰበራል። በረዶው ግን መሸሹን አልተወም። ሽማግሌው አንድ ክንድ ሲቀቡ እሱ ሁለት ክንድ ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ክምሩ ጋ ሲደርሱ ሳቱርኒና ቀጥ ብላ ቆመች። ከክምሩ ወደ መንደሩ፣ ማለትም ወደ ቤታቸው በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ አራት ድንጋዮች ነጥተዋል።

«ታይታ፣ በዚህ በኩል ለምን ቀቡ?»

«በየት በኩል?»

«ወደ ቤት በኩል ነዋ።»

«ወደ ቤት ምን አባቱ ያደርጋል? እኔ የምቀባው ከመስቀሉ ወደ ላይ ነው» አሉ። ያኔ ዓይናቸው ከአሥር እርምጃ በላይ አይለይም ነበር።

ሳቱርኒና ጎንበስ ብላ አየችው። ቀለሙ በብሩሽ ወይም በጆግ የተደፋ አይመስልም። በመዳፍ ነው የተለቀለቀው። የአምስት ጣት መሄጃ ይታያል፤ ከአባቷ እጅ ደግሞ ይሰፋል። ሽማግሌው ይጃጃሉ ጀመር፣ የሠሩትን ይረሳሉ ብላ ራሷን አሳመነች። ሰው ማመን የማይፈልገው ነገር ሲመጣ ምክንያት አያጣም። በሳምንቱ ድንጋዮቹ ዘጠኝ ሆኑ። በሌላው ሳምንት አሥራ ሰባት። ለአባቷ አልነገረችም። የመጨረሻው ከበረታቸው የድንጋይ ውርወራ ያህል ነበር የሚርቀው።

ኤፒፋኒያ አንድ ከሰዓት ዶሮዎቿን በቅርጫት አድርጋ መጣች።

«ልጄ ጋ ልሄድ ነው» አለች።

«ድንገት?»

«ድንገት አይደለም። ሰው እያማኝ ነው።»

«ማን አለና ነው እዚህ የሚያማሽ?»

ኤፒፋኒያ ቅርጫቷን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ትናንት በጠራራ ፀሐይ ከበስተኋላዬ አንድ ሰው እየተነፈሰ ሄደ። ዘወር አልኩ፤ የለም። ብርዱን ግን ጆሮዬ ላይ ጥሎት ሄደ። አባትሽን ተሸክመሽም ቢሆን ውረጂ፣ እህቴ። ሽማግሌ ሲገላመጥ አትጠብቂ።» አቅፋ ስማት፣ ሳትቀልድ ሄደች። ሳቱርኒናን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ሳትቀልድ መሄዷ ነው።

ዝናቡ በኅዳር መጨረሻ፣ የዚህ አገር ክረምት ሲገባ፣ መጣ። መጀመሪያ በረዶ ጠጠር ወረደ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ሳያባራ ዶፍ ጣለ። ሳቱርኒና ጣሪያው ሥር ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ነጎድጓድ እየመረቀች ጓዟን አሰረች። ዶን ሜሊቶን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ዝናቡ ሲያቆም መኝታቸው ባዶ ነበር። ምርኩዛቸውም ባልዲውም የሉም።

በሩን ቆልፋ ሮጠች። ጭጋጉ መንገዱን ስለሸፈነው ወንዙን ተከትላ ለመውጣት ወሰነች። ወንዙ ጋ ስትደርስ ክው አለች። ውሃው ወተት መስሎ ይወርዳል። የሦስት ዓመት ኖራ፣ የሠላሳ ሰው ድካም፣ የአባቷ የአምስት ወር ልፋት ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ፣ አረፋ እየደፈቀ በጨፌው ላይ ይተኛል። አልፓካዎቹ ዳር ዳሩን ቆመው ያዩታል፤ አንድም አፉን አልነከረም። ከዳር አንድ ቀበሮ ሞቶ ተንጋሏል፤ ሆዱ አብጧል። ሳቱርኒና አማተበችና አለፈችው።

ጭጋጉን ወጥታ ስታየው ሱማቅራሱ ጥቁር ነበር። እንዲህ ጠቁሮ አይታው አታውቅም፤ እንደ ድስት ቂጥ ነው። ከበረዶው የቀረው ከጫፉ ሥር የተሸጎጠ፣ አፈር የለበሰ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ቁራጭ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የጸለየችው ጸሎት ተሰምቷል። ደስ አላላትም፤ እንዲያውም ዕርቃኑን የቆመ ሽማግሌ ያየች ይመስል አፈረች።

አባቷን በረዶው ጠርዝ ላይ፣ አንድ አለት ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ባልዲው አጠገባቸው ተገልብጧል፤ ኖራው አለቱ ላይ ፈስሶ ኩሬ ሠርቷል። የደረቡት የሱፍ ፖንቾ ርሶ ገላቸው ላይ ተጣብቋል።

«ታይታ!»

«አትጩሂ፣ ሰማሁሽ» አሉ። ድምፃቸው ደስ ያለው ነበር። «ነጭ ነው፣ አይደል?»

ፊታቸውን ቀና ሲያደርጉ አየችው። ኖራው ከዝናቡ ጋር ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ አቃጥሎታል፤ ሁለቱም እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ለብሰዋል።

«ሁሉም ነጭ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ከጫፍ እስከ ግርጌ። እንዲህ ሆኖ ያየሁት በልጅነቴ ነው። ዝናብ መስሎሽ ነበር አይደል? በረዶ ነው የጣለው። ተራራው ተመለሰ።»

አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። «ነጭ ነው ታይታ» አለች። «ሁሉም ነጭ ነው።»

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው መናገር ጀመሩ።

«በገረፈኝ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ነበር። አንቺ ገበያ ወርደሽ ነበር። በሩ ላይ ተንበርክኮ፣ ታይታ ይክፈቱልኝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ። ዝናብ ነበር። እኔ ውስጥ ሆኜ ድምፁን እየሰማሁ ሾርባዬን ጠጣሁ። ሁለተኛ ሣህን ደገምኩ። ሲመሽ ተነስቶ ሲሄድ ሰማሁት። ሰው ሁሉ አባቱን መቶ ተኮነነ ይላል። እኔ ብከፍትለት ኖሮ ማን ይኮንነው ነበር?»

ሳቱርኒና ስምንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ይህን ሰምታ አታውቅም። ያ ሁሉ ኖራ፣ ያ ሁሉ እንቁላል፣ እሷ የተሸከመችው ያ ሁሉ ውሃ ከአንድ መቀርቀሪያ የመጣ መሆኑን ስታስብ ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። እጃቸው በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።

«አሁን ግን ደረሰ» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ ዝናቡ ቀጥ ሲል በዚህ በአጠገቤ አለፈ። ባዶ እግር ነው፤ ጭቃ ሲረግጥ ሰማሁት። ኤልዮዶሮ! አልኩት። ቆመ። መንገዱ ይኸው፣ ቀብቼልሃለሁ፣ ሂድ አልኩት። ትንሽ ቆመና ሄደ።»

«ወደየት ሄደ?»

«ወደ ላይ ነዋ! ወደየት ይሄዳል?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እስቲ ዱካውን እይልኝ።»

ሳቱርኒና ተነሳች። ዱካው ነበረ። ዝናቡ ካባራ በኋላ የተረገጠ፣ የባዶ እግር ዱካ። ከበረዶው ቁራጭ ሥር ይነሳል፤ የፈሰሰውን የኖራ ኩሬ ያቋርጣል፤ ከዚያ በጥቁሩ አለት ላይ ነጭ ነጭ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ እርምጃው እኩል ሆኖ ይሄዳል። በዓይኗ ተከተለችው። ጭጋጉ ገለጥ ብሎ ስለነበር ክምሩ ድረስ ታያት። ክምሩ ጋ ወደ መስቀሉ አልታጠፈም።

«ወደ ላይ ነው ታይታ» አለች። «ቀጥ ብሎ ወደ ላይ።»

«ጣቶቹ ወዴት ናቸው የዞሩት?»

ውሃው ከበረዶው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሽማግሌው የማያየውን ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው ጠበቁ።

«ሳቱርኒና።»

«ወደ ታች ናቸው» አለች። «ወደ ቤት ነው የሄደው።»

ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ ብላ እጇን ዘረጋች። ዶን ሜሊቶን ግን ምርኩዛቸውን በዳበሳ ፈልገው አገኙት። ተደግፈውት ቆሙ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃት ብቻ ግን አልነበረም።

«ስትመጪ በሩን እንዴት አድርገሽው መጣሽ?»

«ቆልፌዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። «ምሪኝ እንጂ።»

ሳቱርኒና የአባቷን እጅ ትከሻዋ ላይ አኖረችና፣ ነጩን ዱካ ላለመርገጥ በጎን በጎን እያለች ቁልቁለቱን ጀመረችው።